የደነዘች ምላጭ ጥርስ ስታወጣ

እዚህ ዓረብ አገር የደነዘ ነገር አይሳልም፤ ይጣላል። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ ያገሩ ልማድ ነው። ቢላ ደነዘ፣ አዲስ ቢላ ይመጣል። የማንቆርቆሪያ እጀታ ላላ፣ ማንቆርቆሪያው ከነክዳኑ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ አሠሪዬ ማዳም መቀሱ አልቆርጥ ብሏት ወረወረችውና ሌላ አስመጣች። እኔ የተጣለውን አንሥቼ፣ በጠርሙስ አንገት ላይ ደጋግሜ አፋጭቼ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ስቆርጥበት ብታየኝ አዲሱን የሰረቅኋት መስሏት ሮጣ መሳቢያውን ከፈተች። ሁለቱም መቀሶች እንዳሉ ስታውቅ ደግሞ የባሰ ተጠራጠረችኝ።

ሰውም ቢሆን ብዙ አይለይም። ጉልበቱ ሲደንዝ፣ ወገቡ ሲላላ፣ ትኬት ይቆረጥለታል። ኸላስ፤ አለቀ። እኛ ግን የመጣነው መጥረቢያ ሲዶለዱም ወንዝ ወርደው መሳያ ድንጋይ ከሚመርጡ ሰዎች ነውና ዓይናችን ከተጣለ ነገር ላይ ቶሎ አይነሣም። በደህናው ጊዜ ይህ ጠባያችን ያስቅብናል። ኮሮና መጥቶ ሱቁም መንገዱም ሲዘጋ ግን ሳቁ ቆመ። የተጣለው ሁሉ ከተጣለበት ይለቀም ጀመር። የደነዘ ብረት እንደ ሕፃን አዲስ ጥርስ ሲያወጣ በዓይኔ ያየሁትም ያን ጊዜ ነው። አናምንሽም ብትሉኝ ቅር አይለኝም፤ ብቻ ሳልጨርስ አትነሡብኝ።

የምንኖረው አል አይን ከተማ፣ ፈላጅ ሃዛ የሚባል ሰፈር ነው። ቤቱ ድሮ የአንድ ቤተሰብ ቪላ ነበር፤ አሁን በችፑድ ተከፋፍሎ የስንቱ ቤተሰብ እንደሆነ ባለቤቱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ችፑድ ደግሞ ስታዩት ግድግዳ ይመስላል እንጂ ወንፊት ነው። ሰዉ «ጥሩወርቅ ጆሮዋ ረዥም ነው» እያለ ያማኛል። የእኔ ጆሮ እንደማንኛውም ሰው ጆሮ ነው፤ ረዥሙ የጎረቤቶቼ ድምፅ ነው። እኔ የምሠራው ዛኸር የሚባል ሌላ ሰፈር፣ አንዲት ማዳም ቤት፣ ምግብ አብሳይ ሆኜ ነው። በሽታው ሲመጣ ማዳም፣ «ወይ እዚህ ገብተሽ አትውጪ፣ ወይ እዚያው ሆነሽ አትምጪ» አለችኝ። መቼ ሊያበቃ እንደሆነ ከማይታወቅ ነገር ጋር ሰው ቤት ከምቆለፍ ብዬ ቤታችን ቀረሁ። እጁ ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ዓይኑ ይሠራል። ምን ላድርግ?

የቤቱን ሳሎን በችፑድ ለሁለት ገምሰው የሚኖሩት ሰናይትና እማማ ብዙነሽ ናቸው። ሰናይት ልጅ እግር ናት፤ ያን ሰሞን የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ፣ ተገላግላ ከሆስፒታል የመጣች አራስ ነበረች። እማማ ብዙነሽ ደግሞ ከሁላችንም በፊት ባሕር የተሻገሩ፣ የስንቱን ዓረብ ልጅ ያሳደጉ፣ አሁን ጉልበታቸው ደክሞ በተመላላሽ ሥራ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ሰናይትን ማንም ሳይሾማቸው ማረስ ጀመሩ። ገንፎውም፣ አጥሚቱም፣ ቁጣውም ከእሳቸው ነው።

የልጂቱ አባት ግርማ አቡ ዳቢ ነው የሚሠራው፤ ዘበኛ ነው። በደህናው ጊዜ በየሳምንቱ መጨረሻ አውቶብስ ተሳፍሮ ይመጣ ነበር። ሰናይት በወለደች ሰሞን ግን ከአቡ ዳቢ ወደ አል አይን መግባት ተከለከለ። አንድ እንቅልፍ ተኝተህ የምትደርስበት መንገድ ባንዴ እንደ ሰማይ ራቀ። አባት የመጀመሪያ ልጁን በስልክ መስታወት ላይ ሳማት። ስልኩ ከንፈሩን ብቻ አጉልቶ ሲያሳይ ሰናይት ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ በአጋጣሚ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

እንግዲህ ከአራሷ አልጋ በላይ፣ መስኮቱ ውስጥ፣ ለሁለቱም ክፍል የሚበቃ አንድ አሮጌ ኤሲ ነበር። ብዙ ጊዜ ሲያጓራ፣ ሲያስነጥስ፣ ውኃ ሲያንጠባጥብ ኖሮ፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚያቀልጥበት ሰሞን አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጭጭ አለ። ለቤቱ ደላላ ደወልን፤ «ቡክራ፣ ኢንሻላህ» አለ፤ ነገ ማለቱ ነው። በማግስቱም «ቡክራ» አለ። የደላላ ቡክራ እንደ አድማስ ናት፤ በሄድክባት ቁጥር ትሸሻለች።

«ታዲያ አራሷን ወደ ሌላ ክፍል አታዛውሯትም?» ትሉኝ ይሆናል። ወዴት? የእኔ ክፍል ውስጥ የምንተኛው አራት ነን፤ አንዷ ደግሞ ያን ሰሞን ማሳል ጀምራለች። ማሳል ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የወንዶቹ ክፍል የወንዶች ነው። ፎቅ ያሉት ልጆች ደግሞ በራቸውን ዘግተው በመስኮት ነው የሚያናግሩን። ማራገቢያ አመጣንላት፤ የሚያራግበው ግን ያንኑ ትኩስ አየር ነው፤ ከምድጃ ፊት እንደ መቀመጥ። የልጂቱ አንገትና ብብት በሙቀት ሽፍታ ተሞላ። ጡት ትይዝና ወዲያው ትለቃለች።

የማውቃት አንዲት የአገራችን ልጅ ነርስ ናት፤ ደወልኩላት። «ክፍሉን አቀዝቅዙላት፣ ሰውነቷን በለብታ ውኃ አብሱላት፣ ቶሎ ቶሎ አጥቧት፤ ትኩሳት ካያችሁባት ግን አንድ ሰዓት እንዳትቆዩ፣ አምጧት» አለችኝ። ሰናይት ይህን ስትሰማ ልጂቱን አጥብቃ አቀፈች። ያን ጊዜ ትኩሳት ያለው ሰው ሆስፒታል ከገባ ይለያል፤ ማን ከማን እንደሚለይ ደግሞ ያልተወራ ወሬ አልነበረም። እናትን ከልጅ ይለያሉ የሚልም ነበር። እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም። ወሬው ግን ከበሽታው ቀድሞ ነበር በየቤቱ የሚገባው። «ባሌን መንገድ ወሰደብኝ፤ እሷን ደግሞ ትኩሳት ሊወስድብኝ ነው?» አለች።

እኔም አፌን ካሠራሁ ላይቀር ለደግ ነገር ላሠራው ብዬ ማዳም ጋ ደወልኩ። ሹፌሯ ክፍል አዲስ ኤሲ ሲገባ አሮጌው ወጥቶ መጋዘን እንደተቀመጠ አውቃለሁ። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ። «ማዳም፣ አንዲት ሕፃን በሙቀት ልታልቅብን ነው» አልኳት። «ያ ሐራም!» አለች፣ «ምስኪን!» እንደ ማለት ነው፤ በማግስቱ ሹፌሩ ኤሲውን ይዞ መጣ። አጥሩ ሥር አስቀምጦ በመድኃኒት ረጨው፣ በሩን ረጨ፣ ልቀበለው ስጠጋ እኔንም ረጨኝና ሄደ። ሰውን ማመስገን በመርጨት የተተካበት ዘመን ነበር።

ኤሲ መጣ። አሁን የቀረው አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ማስገባት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ታፈሰ አለልን። ታፈሰ በአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ የሚተዳደር ጎረቤታችን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ «እስክንጠራህ ቤትህ ቆይ» ብሎት ከርሟል። እንደሱ ያለ ቁጥብ ሰው አላየሁም። ደህና አደርክ ስትሉት አንገቱን ይነቀንቅና ወሬው አለቀ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መጎራበት ለኔ ቢጤ ሴት ጾም ነው።

መጥቶ አየው። አሮጌው ኤሲ የተቀመጠው ከግድግዳው ጋር በአራት ብሎን የተያዘ የብረት ፍሬም ውስጥ ነው። አዲሱ ወፈር ስለሚል ፍሬሙ ካልወጣ አይገባም። ሁለቱ ብሎኖች በመፍቻ ተፈቱ። ሁለቱ ግን ስንት ዓመት ከኤሲው ውኃ ሲንጠባጠብባቸው ዝገው፣ ራሳቸው ተበልቶ፣ መፍቻ የሚይዘው ነገር አልቀራቸውም። «ብረት መቁረጫ ግራይንደር የለህም እንዴ?» አልኩት። «አለኝ። ግን እሳት ይረጫል» አለና ችፑዱን በጣቱ አንኳኳ። «ይሄ ደረቅ እንጨት ነው፤ አልጋው ስፖንጅ ነው። ኤሲ እናስገባ ብለን ቤት እናቃጥል? ደግሞም ከግድግዳው ጥግ አይገባም።» ይህን ሁሉ ቃል ባንድ ቀን ሲናገር የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የሚገባው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ መልቲ ቱል ይለዋል። እጅ የምታክል ማሽን ናት። አትሽከረከርም፣ አትመታም። ትንቀጠቀጣለች ብቻ። አፏ ላይ አውራ ጣት የምታህል ጠፍጣፋ ምላጭ ይሰካል፤ ምላጯ ዓይን ሳይከተላት ግራና ቀኝ ስትርገፈገፍ ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ ብረቱን ትበላለች። እኛ ሴቶቹ «ወባዋ» አልናት። ያን ዓመት ያልተንቀጠቀጠ አልነበረም፤ ትልቅ ትንሹ፣ አሠሪው ካፊልም፣ የመኖሪያ ፈቃድ ኢቃማው ሊያልቅ የተቃረበውም ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። በመንቀጥቀጥ ብረት ሊቆረጥ እንደሚችል ግን ያስተማረችን እሷ ናት።

ችግሩ ምላጭ ነው። የብረት መቁረጫ ምላጮቹ ሁሉ ጥርሳቸው አልቋል። ታፈሰ በየሥራው ቦታ የሚጣሉትን እየለቀመ በወተት ጣሳ አጠራቅሟቸዋል፤ ጣሳው የድድ ጎሬ ነው። የመሣሪያ ሱቆች ያሉበት ሰናያ ያን ሰሞን ዝግ ነው። ታፈሰ ለግርማ ደወለለት፤ ግርማም አቡ ዳቢ ውስጥ ከሚያውቀው አናጢ ሁለት አዲስ ምላጭ አገኘ። ማታ በስልክ ከነማሸጊያቸው ከፍ አድርጎ አሳየን፤ «ይኸው! ይኸው ይዣለሁ!» እያለ። ያብረቀርቃሉ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው። የሚያደርስ መንገድ ግን የለም። እሱም ቀስ ብሎ እጁን አወረደ። ሰው የልጁን መድኃኒት በእጁ ይዞ መንገድ ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ያውም በዚያች ጠባብ ስልክ።

«ይሁን፣ የደነዙትን አድናለሁ» አለ ታፈሰ።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ፣ ከአጥሩ ጥላ ሥር፣ ብረት መያዣ ሞርሳውን ጠረጴዛ ላይ አሥሮ ተቀመጠ። ሴቶቹ ሁላችንም ማስካችንን አድርገን፣ ተራርቀን፣ ግን ማየት በምንችልበት ርቀት ቆምን። ጣሳውን ገልብጦ ምላጮቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣ ሦስት መረጠ። «እነዚያንስ ለምን ተውካቸው?» አልኩ። አንዱን አሳየኝ። ምላጩ ሁሉ ጠንካራ አይደለም ለካ። ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ክር የቀጠነ ጠንካራ ብረት ተበይዷል፤ ከኋላው ያለው ለስላሳ ነው። «ጠንካራዋ መስመር ካለች አዲስ ጥርስ ይወጣላታል፤ ካለቀች ግን ጥርስ ብታወጣም የወተት ጥርስ ነው፤ ብሎን ሲነካው ይተኛል» አለኝ። አባባሉን ወደድኩለትና ለሁሉም ዞሬ ነገርኳቸው። አብረውኝ ቆመው ሲሰሙ ነበር፤ ግን ከእኔ ሲሰሙት ይለያል።

መጀመሪያ ምላጯን ሞርሳ ላይ አጥብቆ ያሥርና የተበላውን ጫፍ በሞረድ ያስተካክላል። ከዚያ እንደ ወረቀት በቀጠነች ክብ ድንጋይ፣ በሌላ ትንሽ ማሽኑ ላይ እየተሽከረከረች፣ ጥርስ በጥርስ ይቀርጻታል። ነካ፣ ነሣ፣ ውኃ። ነካ፣ ነሣ፣ ውኃ። እያንዳንዷ ጥርስ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ማለት አለባት። እንደዚያ ሲሠራ እስትንፋሱን ይይዛል። እኔም ሳላውቀው አብሬ ያዝኩ። የመጀመሪያዋን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ «ታፈሰ፣ ሚስትህ ደብረ ብርሃን ነች አሉ፤ ይህን ሙያህን ታውቃለች?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀና አለ። ድንጋይዋ ግን እዚያው ቦታ ላይ ቆማ ቀረች፤ የምላጯ ጫፍ እንደ ጉበት ጠቆረ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነ። «አለቀላት» አለ። «ለምን? ታምራለችኮ» አልኩ። ብረቷ ከጋለች ጥንካሬዋ ይወጣል አለኝ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፤ ለካ ያ ለቀጥቃጭ ነው። ለሚስለው ሰው ግን ብረት የጋለ ዕለት ሞተ።

«እቴ ጥሩ» አለኝ፣ «እስቲ እዚያ ከሰናይት ጋር ሆነሽ አጫውቻት።» ማባረሩ ነበር፤ በጨዋ ደንብ።

ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ያለ እኔ ጨረሳቸው። ሦስተኛዋ ከሁሉም ያማረች ሆና ወጣች፤ ጥርሷ የቅማል ማበጠሪያ መሰለ። አጥቧት ትድረቅ ብሎ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጣት፤ ሁለተኛዋን ማሽኗ ላይ ሰክቶ ገባ። ሥራው ሊጀመር ሲል ታፈሰ የኤሲውን ሽፋን የሚፈታበት ካቻቢቴ ፈለገ። ካቻቢቴው እማማ ብዙነሽ ዘንድ ነበር፤ ከአሥር ቀን በፊት «ለአንድ ነገር ፈልጌው ነው» ብለው ተውሰውታል። አሁን ሲጠይቃቸው እየተነጫነጩ ገብተው አምጥተው ሰጡት። ልብ በሉልኝ፤ ማናችንም ለምን እንደተነጫነጩ አልጠየቅንም። እኔ እንኳ አልጠየቅሁም።

ሁለተኛዋ ምላጭ አንደኛውን ብሎን ቆረጠችው። ቆረጠችውና ጥርሷን ጨርሳ ዐረፈች። ልብስ በጥርሱ እንደሚቀድ ሽማግሌ ሆና ነበር፤ ሆኖም ቆረጠች። አንድ ብሎን ብቻ ቀረ። ታፈሰ ላቡን ጠርጎ ሦስተኛዋን ሊያነሣ ወደ መስኮቱ ደፍ እጁን ሰደደ።

የለችም።

ፍለጋ ሆነ! ከጠረጴዛው ሥር፣ ከውኃው ጣሳ ውስጥ፣ ከአበባው ማሰሮ ኋላ። ቀጥሎ ደግሞ የሰው ፍለጋ ሆነ፤ ሰው ዕቃ ሲጠፋው መጀመሪያ መሬቱን ያያል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን ያያል። አንዷ «ድመቷ ስትዞር አይቻለሁ» አለች። «ድመት ምላጭ ምን ታደርግበታለች? ጺም አትላጭ!» አለች ሌላዋ። ሁለት ሰዎች ወደኔ ዞረው አዩኝ። እኔ የሰው ወሬ እንጂ የሰው ዕቃ ወስጄ አላውቅም፤ ይህን በግልጽ ነገርኳቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰናይት ልጂቱን በእርጥብ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ልጂቱ ስታለቅስ ነበር፤ አሁን ዝም ብላለች። ብታለቅስ ነበር የሚሻለው። ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ፣ አፏ ደርቆ፣ አንገቷ ወደ አንድ ጎን ወድቋል። ሰናይት ማንንም አታይም፤ የምታየው የልጂቱን ደረት ነው። «ታፈሰ ወንድሜ» አለች፣ «እስከ ምሳ ካልሆነ ይዣት ሆስፒታል እሄዳለሁ። ይለዩን። በሕይወት ትለየኝ።»

ያኔ እማማ ብዙነሽ ከክፍላቸው ብቅ አሉ። «ምንድን ነው እንዲህ የምትተራመሱት?»

«ምላጭ ጠፋ፣ እማማ። መስኮቱ ላይ ነበረች» አለ ታፈሰ።

«አ፣ እሷማ እኔ ጋ አለች። ከአራሷ ትራስ ሥር ናት።»

ሁላችንም አፋችንን ከፈትን፤ ማስክ ባይኖር ዝንብ ይገባብን ነበር።

«ምነው እማማ!» አለ ታፈሰ፤ ድምፁ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«ምነው እማማ? ምነው አንተ! ካቻቢቴህን ከትራሷ ሥር ያስወጣኸኝ አንተ አይደለህም? አራስ ባዶዋን ልትተኛ ኖሯል? ቢላው የጋራ ነው፤ ሽንኩርት ሲከተፍበት ይውልና ከአራስ ራስጌ ይደረጋል? እዚያ ላይ ትንሽ ብረት ተቀምጣ አየሁ፤ አንሥቼ አኖርኳት። ምን አጠፋሁ?»

ማንም አልሳቀም። እማማ ብዙነሽ ቀጠሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ። «ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቷል። ቄስ አይመጣ፣ ጠበል አይደርሰን። የልጂቱ ክርስትና መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አባቷ እንኳ መጥቶ አላቀፋትም። ከዚህ ሁሉ የቀረን አንዲት ቁራጭ ብረት ናት። እሷንም ከልክሉኝ!»

እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ጋኔን ብረት ይፈራ አይፈራ አላውቅም። ሴትየዋ ግን ያላቸውን ሁሉ ነበር ትራስ ሥር ያኖሩላት። ታፈሰም የገባው መሰለኝ፤ ቁጣው ረገበ። «እማማ፣ ምላጯን ይስጡኝ፤ ሌላ ብረት እተካለሁ» አለ። «አስቀድመህ ተካ» አሉ። ሳይተካ ብረት ከአራስ ራስጌ አይነሣም። ታፈሰ ከዕቃው መካከል ፈለገ፤ ለሥራው የማያስፈልገው አንድ መዶሻ ብቻ ነበር። እማማ ብዙነሽ መዶሻውን ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት። «ይሁን። እንዲያውም ይኼ ይሻላል፤ የመጣው ቢመጣ አናቱን ነው» አሉና ይዘው ገቡ። ምላጯ ወጣች።

ሥራው ቀጠለ። የኔ ድርሻ የወጥ ዘይት በማንኪያ ማንጠብጠብ ነበር፤ አፌን ዘግቼ። ታፈሰ ማሽኗን በዝግታ አስነሣት፤ ብረት ላይ ከፈጠነች ጥርሷን ትጨርሳለች። ትነዝራለች፣ ትቆማለች፣ ዘይት አደርጋለሁ፣ ትነዝራለች። ሰናይት ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ግርማ ከአቡ ዳቢ ሆኖ፣ «ግፋው! ጠንከር አድርገህ ግፋው!» ይላል፣ ኳስ ሜዳ እንዳለ ሰው። «አንተ ልጅ፣ እዚያ ሆነህ ብሎን አትቁረጥ! ዝም ብለህ ጸልይ!» አሉት እማማ ብዙነሽ። መጸለዩን አላውቅም፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር።

ብሎኑ ከግማሽ ሲያልፍ የማሽኗ ድምፅ ተለወጠ። ስትበላ የነበረችው መንሸራተት ጀመረች። ታፈሰ አውጥቶ አያት፤ የመካከሉ ጥርስ አልቋል። ቀጥሎ የምላጯን ሁለት ዳር በጣቱ ዳሰሰ። ዳር ዳሩ ያሉት ጥርሶች ገና አልተነኩም። ማሽኗን ትንሽ ወደ ጎን አዞረና ዳሯን አስነከሳት። እንደገና መብላት ጀመረች። ቀስ፣ ቀስ። ዘይቱ እየጠቆረ በግድግዳው ላይ ወረደ። ከዚያ አቆመና ፍሬሙን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ነቀነቀው። ቋ! አለ።

የዚያን ዕለት እልል ያልነው ልጂቱ ስትወለድ ያላልነውን ጭምር ነው፤ ስትወለድ ሆስፒታሉ ማንንም አላስገባንም ነበርና።

ከምሳ በፊት የማዳም ኤሲ ቦታው ላይ ተቀምጦ ተነፈሰ። መጀመሪያ አቧራ ተፋ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ አየር። ሰናይት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልጂቱን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ጥቂት ቆየች። ትን አላት፣ አስነጠሰች፣ ከዚያ ያዘች። ስትውጥ ድምፁ ይሰማል፤ ቋጥ፣ ቋጥ። ሁላችንም ከበር ላይ ሆነን እንደ ዜና አዳመጥነው። ታፈሰ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር፤ ፊቱን አላየሁትም፤ ሆን ብሎ ነው ያዞረብኝ።

ታዲያ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እማማ ብዙነሽ አጥሚት ይዘው ገቡ። ገብተው ሁለት እርምጃ እንደተራመዱ ብርዱ ማጅራታቸውን አገኛቸው። አጥሚቱን አስቀመጡና ጮኹ። «ኧረ በአራስ! ኧረ ይቺን ልጅ ብርድ ሊመታብኝ ነው!» ሮጠው ከክፍላቸው ጋቢያቸውን አመጡና ኤሲው ላይ ጣሉበት።

«እማማ፣ ኤሲው ይታፈናል!» አለ ታፈሰ።

«እሱ ይታፈን፤ አራሷ አትመታብኝ!»

ሦስት ቀን ያስለቀሰንን ሙቀት ለማባረር ብረት ቆርጠን ያስገባነው ብርድ ገና ከመግባቱ አራስ ገዳይ ተባለ። ታፈሰ አልተከራከረም። ሲባጎ አምጥቶ ከኤሲው ፊት ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ ወጠረና ጋቢውን እንደ መጋረጃ ሰቀለው። አየሩ ጋቢውን ሲመታ ወደ ላይ ይነሣና በችፑዱ አናት ተሻግሮ እማማ ብዙነሽ ክፍል ይገባል። ሰናይት ዘንድ የሚደርሰው ለስላሳው ብቻ ነው። ለነርሷ ብነግራት፣ «በጣም ጥሩ፤ አየሩ ሕፃኗ ላይ በቀጥታ እንዳያርፍ» አለችኝ። እማማ ብዙነሽ ከዚያ በኋላ በዚያ በጋ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ይተኙ ነበር፤ ቀን ቀን ደግሞ፣ «የዘንድሮው አል አይን ብርዱ ጉድ ነው» ይሉናል። ማንም አላረማቸውም።

በማግስቱ ግርማ ደወለ። «እስቲ ኤሲውን አሳዩኝ» አለ። ስልኩን አዞርኩለት። «እትዬ ጥሩ፣ ኤሲው ምን ሆኖ ነው ጋቢ የለበሰው? ታሟል?»

«አልታመመም። አራስ ቤት ገብቶ ነው» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ስልኩን ወደ ልጁ አወረድኩለት። ተኝታለች። ሽፍታዋ መጥፋት ጀምሯል፤ ግንባሯን በጣቴ ነካ አድርጌ ጣቴን ለስልኩ አሳየሁት። ላብ የለውም፤ ደረቅ ነው። ግርማ ከንፈሩን ወደ ስልኩ አስጠጋ፤ እኔም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ አውቄ ምን ተሰማህ ብዬ አልጠየቅሁትም።